ከደሴ ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ ልትወጡ ነው? እነዚህን ስህተቶች እንዳትሰሩ

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ደሴ ውስጥ ሰፈር ለሰፈር ብትዞሩ አንድ በር ላይ ኢሱዙ ቆሞ ፍራሽ ሲጫንበት ሳታዩ አትመለሱም። ሰው ቤት የሚለቀው ትምህርት ሲዘጋ ነው፣ ገሚሱ በስራ ዝውውር ገሚሱ ለልጆቹ ብሎ፣ ወደ አዲስ አበባም ወደ ባህር ዳርም ወደ ሀዋሳም። እኔ ብዙ ዘመድና ጎረቤት ሸኝቻለሁ፣ እቃ በማሰርም ቀበሌ በመመላለስም፣ እና ሁሌም የማየው ነገር አንድ ነው፤ ሰው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ካርቶን ሲፈልግና እቃ ሲያስር ይጨርሳቸዋል። ካርቶን እኮ የትም ይገኛል። ሀዋሳ ሆናችሁ የማታገኙት የደሴ ቀበሌ ማህተም፣ የትምህርት ቤቱ ፊርማ እና የቅሬያችሁ (የእድራችሁ) ሰው ነው። ከደሴ ሀዋሳ በአዲስ አበባ በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ለአንድ ማህተም የሚመላለሱበት መንገድ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ብቻ የሚያልቀውን አስቀድሙ፣ ሌላው ይደርሳል።

መሸኛን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት

ይሄ ዋናው ነው። የምትሄዱበት ቀበሌ ነዋሪ አድርጎ ሊመዘግባችሁ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከለቀቃችሁበት የተጻፈ መሸኛ ነው። እሱን ለማግኘት ደሞ የድሮውን መታወቂያ ትመልሳላችሁ፣ ፋይል ይፈለጋል፣ ሰራተኛዋ ፈቃድ ላይ ትሆናለች፣ ሃላፊው ስብሰባ ይገባል፣ ሲስተም የለም ይባላል፣ አንድ ቀን ይበቃል ያላችሁት ሳምንት ይፈጃል። ቢያንስ ወር ሲቀራችሁ ጀምሩት። ፋይዳ አለን ብላችሁም አትተዉት።

ስትቀበሉ ደግሞ እዛው ቆማችሁ አንብቡት። በተለይ ስም። ወሎ ውስጥ ይሄ ነገር ብዙ ቤት ያስቸግራል፣ አባትየው ቀበሌ ላይ "መሐመድ" ተብሎ ተጽፏል፣ የልጁ ካርድ ላይ "ሙሀመድ"፣ ክትባት ካርዱ ላይ ሌላ። እዚህ ሁሉም ስለሚያውቃችሁ ችግር የለውም፣ ማንም በማያውቃችሁ ከተማ ግን ይሄ ልጅ የናንተ መሆኑን በምን እናውቃለን ትባላላችሁ። የሚስተካከለውን እዚሁ አስተካክሉ።

የልደት ሰርተፍኬትም እንደዛው። በአገር ደረጃ ምዝገባው የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፣ ህጉ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። አራስ ቤት ያላችሁ እንግዲህ ሳትወጡ ጨርሱት፣ ዘጠና ቀን በእቃ ማሰርና በቤት ፍለጋ መሃል ሳይታወቅ ነው የሚያልፈው።

ቅሬውንና እቁቡን ዝም ብሎ መሄድ

መዋጮ ሲቋረጥ ራሳቸው ያውቁታል ብሎ የሚሄድ አለ፣ ይሄ ትክክል አይደለም። ከቅሬው ጸሐፊ ጋር ቁጭ ብላችሁ የቀረ ክፍያ ካለ ዝጉ፣ ከሄድን በኋላ መዋጮ እየላክን መቀጠል እንችላለን ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚፈቅድ አለ፣ የማይፈቅድም አለ። ብዙ ሰው የማያስበው ደሞ ደሴ የሚቀሩትን እናትና አባት ነው። እናት በልጃቸው ስም ነበር ቅሬ ውስጥ ያሉት፣ ልጅየው ሲለቅ እሳቸውም አብረው ይወጣሉ፣ ይሄ የሚታወቀው ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። እናትን በራሳቸው ስም አስመዝግባችሁ፣ መዋጮውን ማን እንደሚያደርስ ተነጋግራችሁ ውጡ። እቁብ ደርሷችሁ ከሆነ ዋሳችሁን ይዛችሁ ዳኛው ጋ ሂዱ እና ቀሪውን በምን መንገድ እንደምትከፍሉ ንገሩት፣ ዋሱ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ።

ትምህርት ቤት ዝግ ሆኖ ማግኘት

ካርድ ተሰጥቶ መምህራኑ ከተበተኑ በኋላ ፈራሚ ማግኘት ከባድ ነው። ትራንስፈሩን፣ ያለፉትን ዓመታት ውጤት ማህተም ያለበትን፣ ስምንተኛ ክፍል ላለፈ ደሞ የሚኒስትሪውን ውጤት ካርድ በሚሰጥበት ሰሞን ያዙ። ልጆቹ የሚገቡበት ትምህርት ቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምርም በስልክ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ክልል ሲቀየር ይሄ ይቀየራል፣ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ መስከረም ላይ ድንገት እንዲያውቀው አታድርጉ።

የጤናውን ነገር መርሳት

የማህበረሰብ ጤና መድን ደብተር ያላችሁ፣ ደብተሩ ከወረዳችሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አዲሱ ቦታ ላይ እንደገና መመዝገብ ይኖርባችኋል፣ እስከዛው ክፍተት አለ፣ ለሱ ተዘጋጁ። ደሴ ሪፈራልም ሆነ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ክትትል ያለው ሰው በቤቱ ካለ የህመሙን ማጠቃለያ አጽፉ፣ የስኳርና የግፊት መድሃኒት የሚያቆይ ያህል ያዙ። ኢንሱሊን መኪና ላይ ከእቃ ጋር አይጫንም፣ ሙቀት ያበላሸዋል፣ ቀዝቀዝ ባለ ነገር አድርጋችሁ በእጃችሁ። የህጻናት ክትባት ካርድም በእጅ፣ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ስለሆነ በመሃል ያላችሁ ሁለተኛው እንዳያልፋችሁ።

እና ወባ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጦሳ ተራራ ስር ያደገ ልጅ ወባ አያውቅም። ሀዋሳ ግን 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወባ የሚደርስበት ከፍታ ነው፣ ወባን የሚያውቁት ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቻችሁ ጉዳዩን በደንብ ያስረዷችኋል። ከብርድ ልብሱ ሁሉ በፊት አጎበር ይታሰብ፣ ልጅ ካተኮሰውም ብርድ ነው ብላችሁ ሳትቆዩ በዛው ቀን አስመርምሩ።

እቃ መሸጥን እስከ መጨረሻ ማዘግየት

ሶስት ቀን ሲቀራችሁ ሶፋ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ ዋጋ ይነግራችኋል። ምን እንደሚሸጥ ቀድማችሁ ወስኑ። ቁም ሳጥን አይነት ግዙፍ ነገር ለጭነቱ የምትከፍሉትና እዛ ሄዶ የሚገዛበትን አስሉት፣ አንዳንዴ መሸጥ ያዋጣል። ብርድ ልብሱን ግን ሀዋሳ ሞቃት ነው ብላችሁ ሁሉንም አትስጡ፣ ክረምት ደሴ የምትመጡበት ጊዜ አለ።

ሽኝቱን ለመጨረሻው ቀን መተው

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተራ በተራ ቡና ይጠራችኋል፣ ቤታችሁም ይመጣል፣ አቦሉ ቶናው በረካው፣ ተነሱ አይባል ነገር፣ እቃው ግማሹ ታስሮ ግማሹ ወለል ላይ። ሳይሰናበቱ መሄድ ደግሞ ትልቅ ቅያሜ ነው፣ ቅያሜውም ተገቢ ነው። አንድ ቀን ቁረጡ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ ሰፈሩን፣ ዘመዱን፣ ክርስቲያኑን እስላሙን ጠርታችሁ ዱዓውም ምርቃቱም በዛ ቀን ይሁን። አልጋ የያዙ ሽማግሌ ካሉ እነሱ ጋ እናንተ ሂዱ፣ ልጆቹንም ይዛችሁ፣ ይሄ ለማንም ተብሎ አይዘለል።

መኪናን በስልክ መዋዋል

ደላላው በስልክ ዋጋ ይነግራችኋል፣ ትስማማላችሁ፣ በቀኑ የሚመጣው ኢሱዙ ግማሹ ላይ የሌላ ሰው እቃ ተጭኖበታል። መኪናውን በአይናችሁ እዩ፣ ሹፌሩን ራሱን አናግሩ፣ እቃው የናንተ ብቻ ነው ወይስ ደባል አለው፣ መንገድ ላይ ሌላ ይጭናል ወይ፣ ጫኝና አውራጅ በማን ነው፣ ቤት በር ድረስ ነው ወይስ አስፋልት ላይ። ይሄን በወረቀት፣ ግማሹን ክፍያ ስትደርሱ።

ሸራውን ዘርግተው ያሳዩዋችሁ። ሐምሌ ላይ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ሐረጎ ጉም ነው፣ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ያለው ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ሸራው አንድ ቀዳዳ ካለው ፍራሻችሁ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚደርሰው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዛው ሰሞን ካለፈ ሹፌር ጠይቁ። እናንተ በአውሮፕላን ከሆነ ኤርፖርቱ ኮምቦልቻ ነው፣ ሐረጎን ለመውረድ ሰዓት ተዉ። በመኪና ከሆነም ልጆቹን ሐረጎ ላይ ሆዳቸው ሞልቶ አታውርዷቸው፣ ፌስታል በእጅ።

ወረቀቶቹ ሁሉ፣ መሸኛው፣ ካርዱ፣ ሰርተፍኬቱ፣ የጋብቻው፣ ካርታው፣ በአንድ ቦርሳ ከእናትየው ወይ ከአባትየው ትከሻ አይወርዱም። እቃ ላይ የተጫነ ወረቀት ሲፈለግ አይገኝም።

ምጣዱን ከነክዳኑ ከእቃ ስር መክተት

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብረት ስለሚመስል ሰው ይጨክንበታል፣ ካርቶን ይደረድርበታል። ውስጡ ሸክላ ነው፣ ሽቦው የሚያልፈው በሸክላው ጀርባ በተቆፈረው መስመር ውስጥ ነው፣ ሸክላው ስንጥቅ ካለ ሽቦውም ይበጠሳል፣ ያኔ እንጀራ የለም። ክዳኑን ለብቻ፣ ምጣዱን እንደሚጋገርበት አኳኋን በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ስሩ ፍራሽ ወይ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ላዩ ላይ ምንም። ጭነቱ ሲያልቅ ሳይሆን ሲጀመር ቦታውን ያዙለት። የቡፌውን መስታወት አውጡና በአንሶላ እየጠቀለላችሁ በጎኑ አቁሙት፣ ሲኒውን በልጆቹ ልብስ መሃል። ጋዝ ያለበት ሲሊንደር ከእቃ ጋር አይጫን።

ፍሪጁን ከዋዜማው አጥፍታችሁ በረዶው ይውረድ፣ አድርቁት፣ በሩን እሰሩት፣ ቆሞ ይጫን።

ስትደርሱ የሚያወርዱት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፣ ዋጋውን እቃው ከመኪና ሳይነካ፣ ሹፌሩም ባለበት ጨርሱት፣ ማታ ደርሳችሁ ከሆነ የሰፈሩን ሰው ለምሳሌ አከራያችሁን አስቀድማችሁ ጥሩ፣ እንግዳ መሆናችሁ ሲታወቅ ዋጋው ሌላ ይሆናል። መጀመሪያ ፍራሹና ምጣዱ ይውረድ። ፍሪጁን ግን እንደወረደ አትሰኩት፣ ቆሞ ይደር፣ ጠዋት ትሰኩታላችሁ።