ጉልቻና ምርጥ ምድጃ «እኩል ናቸው» ሲባል፦ የኤልሲኤ ጥርጣሬ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኤልሲኤ የአንድን ምርት የአካባቢ ጫና ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ የሚያሰላ ዘዴ ነው። ይህ ጽሑፍ ሞንቴ ካርሎ (ለአጠራጣሪ ቁጥሮች በየዙሩ ዕጣ እያወጣ ስሌቱን የሚደጋግመው ዘዴ) የት ጋ እንደሚጫን ለሚያውቅ ሰው ነው። ሞዴሉ ይሠራል፣ መለኪያዎቹም ተስተካክለዋል። ግራ የገባችሁ የውጤቱ የጥርጣሬ ክልል ነው። ምሳሌዬ እንጀራ ነው፤ ከጤፉ ማሳ እስከ ምጣዱ። የሰው ሞዴል ስፈትሽ ደጋግሞ የሚገጥመኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ምልክት፦ ክልሉ ከመጠን በላይ ተለጠጠ

መጀመሪያ አሃዙን ከየት እንደቀዳችሁት እዩ። ለሎግኖርማል ስርጭት (ከዜሮ በታች የማይወርደው) ሲማፕሮ የተባለው የኤልሲኤ ሶፍትዌር የሚጠይቀው የጂኦሜትሪክ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን፣ ማለትም የስፋቱን መለኪያ፣ ስኩዌር ነው። ሌላው ሶፍትዌር ኦፕንኤልሲኤ ደግሞ ዴቪዬሽኑን ራሱን ይጠይቃል። ከመጀመሪያው 1.21 ቀድታችሁ ሁለተኛው ላይ ከለጠፋችሁ ችግሩ ተገኘ። መግባት የነበረበት 1.1 ነው። አሁን ስኩዌሩ 1.46 ሆኗል፤ 95 በመቶው ክልልም በዚያው ልክ ሰፍቷል። ስኩዌር ሩት አውጡና አስገቡ። አለቀ።

ምልክት፦ ክልሉ በጣም ጠበበ

ይሄኛው ያስደስታል፤ ለዚህ ነው ማንም የማይፈትሸው። ከዳታቤዝ የመጣው መረጃ ስርጭት አለው። እናንተ ሰው ቤት ሄዳችሁ መዝናችሁ ያመጣችሁት ማገዶ ግን አንድ ደረቅ ቁጥር ሆኖ ተቀምጧል። ሦስት ቤት ለክቶ ጥርጣሬ የለኝም የሚል ሰው ምን ይባላል? ስርጭት ስጡት።

ፔዲግሪ ማትሪክሱንም (ለመረጃው ጥራት በአምስት መስፈርት ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበትን ሰንጠረዥ፤ 1 ጥሩ፣ 5 መጥፎ) እያያችሁ ሙሉት። አምስቱንም መስፈርት 3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3 ብለው የሚልኩልኝ አሉ። የአውሮፓ ስንዴ መረጃ ለጤፍ ያስገባ ሰው በጂኦግራፊ 3 ለራሱ ሲሰጥ እጄ ይበላኛል።

ለኤሌክትሪክ ምጣድ የዓለም አማካይ መብራት ማስገባት ደግሞ ጥርጣሬ አይደለም፤ ስህተት ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ ላይ ይህ ውጤቱን ይገለብጠዋል። የተሳሳተ መረጃ ስርጭቱን ስላሰፋችሁለት አይታረምም።

ምልክት፦ ማዳበሪያው ክልሉን በሙሉ ዋጠው

ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። 100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የአይፒሲሲ፣ የተመድ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል፣ መመሪያ ከዚህ 1 በመቶው በናይትረስ ኦክሳይድ መልክ ያመልጣል፤ ክልሉ ከ0.3 እስከ 3 በመቶ ነው። ናይትሮጅኑ ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ እንዲቀየር በ44/28፣ ከዚያም በጋዙ የማሞቅ አቅም ማባዣ በ273 ሲባዛ 197 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይወጣል። ዝቅተኛው ጠርዝ 59፣ ከፍተኛው 592 ነው። አሥር እጥፍ! ተፈጥሮው እንዲህ ነው፤ አታሳጥሩት። የ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) ማሻሻያ እርጥብና ደረቅ አየር ጠባይን ለይቷል፤ ማሳው የት እንዳለ ካወቃችሁ ያንን ተጠቀሙ። 44ን ለ28 አካፍሎ ማባዛት የረሳ ግን ዛሬውኑ ያስተካክል።

ምልክት፦ ዝቅተኛው ጠርዝ ከዜሮ በታች ገባ

ኖርማል ስርጭት መርጣችኋል። ኔጌቲቭ ማገዶ የለም። ሎግኖርማል አድርጉት።

ምልክት፦ የአምናውና የዘንድሮው ውጤት አልገጥም አለ

የአይፒሲሲ ሪፖርት ማባዣ ቁጥር ተቀይሯል። ናይትረስ ኦክሳይድ በአራተኛው ሪፖርት 298፣ በአምስተኛው 265፣ በስድስተኛው 273 ነው። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ።

ምልክት፦ ሁለቱ አማራጮች ተደራረቡ፣ «ልዩነት የለም»

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንግባ። ከምፈትሻቸው ሞዴሎች እጅግ የሚበዙት እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት።

አንድ ቀን ማታ፣ በማግስቱ ስብሰባ ላይ ሊቀርብ የተዘጋጀ ሪፖርት ደረሰኝ። ጉልቻና ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ ተወዳድረዋል። መደምደሚያው «ክልሎቹ ስለሚደራረቡ ጉልህ ልዩነት የለም» ይላል። ለወጣቱ ባለሙያ ደወልኩለት።

«ምርጡ የሚፈጀው ማገዶ ግማሽ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንጨቱ ያው እንጨት ነው?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ እንዴት እኩል ሆኑ?»

«ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ነው እንዲህ ያለው።»

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን ተረት በሞንቴ ካርሎ አረጋግጦልኝ ቁጭ አለ።

ምን እንደተፈጠረ በቁጥር እንየው። ጉልቻው ለአንድ ጋገራ 10 ኪሎ፣ ምርጡ 5 ኪሎ ይፈጃል እንበል። አንድ ኪሎ እንጨት ሲነድ 1.75 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከዚህ የሚቆጠረው፣ ተመልሶ የማይተካው እንጨት ድርሻ ብቻ ነው። ይህን ድርሻ ደግሞ በትክክል የሚያውቅ የለም። የካርቦን ፕሮጀክቶች ለኢትዮጵያ ለዓመታት የሠሩበት 88 በመቶ ነበር፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ዝቅ ያደርጉታል። ታችኛውን 30 በመቶ እንያዝ። ጉልቻው ከ5.3 እስከ 15.4 ኪሎ ይሆናል። ምርጡ ከ2.6 እስከ 7.7። ከ5.3 እስከ 7.7 ተደራረቡ!

ግን ጫካው አንድ ነው። ድርሻው 88 ከሆነ ለሁለቱም 88 ነው፤ 30 ከሆነም ለሁለቱም 30 ነው። ለጉልቻው 30፣ ለምርጡ 88 የሚሆንበት ዓለም የለም። ሁለቱን ለየብቻ ስታስኬዱ ግን ሶፍትዌሩ ያንን ዓለም ይፈጥርላችኋል። ጤፉም፣ ዩሪያውም እንዲሁ ነው። ለሁለቱም የጋራ የሆነ ጥርጣሬ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዕጣ የሚወጣለት።

መፍትሄው እነሆ። ሲማፕሮ ላይ ሁለቱን የሚያነጻጽረውን ሞንቴ ካርሎ ተጠቀሙ። ኦፕንኤልሲኤ ላይ አንድ አዲስ ፕሮሰስ ክፈቱና የጉልቻውን እንጀራ 1፣ የምርጡን −1 አድርጋችሁ አስገቡ። ሞንቴ ካርሎውን በዚህ በልዩነቱ ላይ አስኪዱ። ከ1,000 ዙር በስንቱ ከዜሮ በላይ እንደወጣ ቁጠሩ። ሪፖርቱ ላይ የሚገባው እሱ ነው።

በምሳሌያችን ሁሉም ዙር ከዜሮ በላይ ይወጣል። ቁጠባው ራሱ ያጠራጥራል የሚል ካለ ልክ ነው። የእንጨቱ እርጥበት አለ፣ የጋጋሪዋም እጅ አለ። ለቁጠባው የራሱን ስርጭት ስጡት። ከ35 እስከ 55 በመቶ ቢዋዥቅም ምርጡ በሁሉም ዙር ያሸንፋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም መደራረቡ ካልጠፋ፣ ሁለት ቦታ ፈልጉ።

አንደኛ፣ የማይተካው እንጨት ድርሻ ግሎባል ፓራሜትር (ለሞዴሉ በሙሉ አንድ ቦታ የተጻፈ ቁጥር) ነው ወይስ በየፕሮሰሱ ውስጥ የተጻፈ? በየፕሮሰሱ ከሆነ ሁለት ጊዜ ዕጣ ይወጣለታል።

ሁለተኛ፣ ኮፒ። በዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ተቃጥያለሁ። ልዩነቱ ላይ ነው የሚሄደው፣ ፓራሜትሩ ግሎባል ነው፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። በመጨረሻ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ደርድሬ ሳየው «ጤፍ» እና «ጤፍ - ኮፒ» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰውየው ለምርጡ ምድጃ ሁሉንም ነገር ከታች ጀምሮ ኮፒ አድርጓል። ለሶፍትዌሩ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ማሳዎች ናቸው። ኮፒ የሚደረገው ጋገራው ብቻ ነው። ጤፉ፣ ዩሪያውና እንጨቱ አንድ ሆነው ከሁለቱም ይያያዙ።

ዙሩን ወደ 10,000 ማሳደግ ይህን አያድነውም። የተሳሳተውን ውጤት አጥርቶ ያሳያችኋል እንጂ። በእነዚያ 10,000 ዙሮች ላይ ቲ-ቴስት (የሁለት አማካዮችን ልዩነት የሚፈትሽ ስታቲስቲክስ) ሠርታችሁም አትላኩልኝ። ዙር ሲበዛ የፈለጋችሁት ነገር ሁሉ «ጉልህ» ይሆናል።