ከዓመታት በኋላ ወደ ፒያኖ እንዴት መመለስ ይቻላል?

ልጅ እያላችሁ ፒያኖ ተምራችሁ፣ ከዚያ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ኑሮው መጥቶ ከተዋችሁት፣ የተማራችሁት አልጠፋም። ግን ሁሉም እኩል አልቆየም። ጣት ብዙ ያስታውሳል። ኖታ ማንበብ ቶሎ ይዝጋል። ጆሮ ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሙዚቃ ሰምቶ አድጓል፤ ስለዚህ ጣታችሁ አሁን የሚያወጣው ድምፅ አይጥመውም። ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት "በቃ፣ አልፎብኛል" ብሎ የሚተወው በዚህ ይመስለኛል። አላለፈባችሁም። ጆሯችሁ ከጣታችሁ ቀድሞ ሄዷል፣ ያ ብቻ ነው።

መሣሪያው

የድሮ ፒያኖ ካላችሁ መጀመሪያ አስቃኙት። ውስጡ ከ200 በላይ ክሮች አሉ፣ ሁሉም በአንድ ላይ በብዙ ቶን ኃይል የተወጠሩ። ለዓመታት ካልተነኩ ይላላሉ። ቃኚው ወጥሯቸው ከሄደ በኋላም መልሰው ትንሽ መውረዳቸው አይቀርም፤ ስለዚህ "ከሳምንታት በኋላ ደግሜ ልምጣ" ቢላችሁ እሺ በሉት፣ ሥራው እንደዚያ ነው።

ዲጂታል የምትገዙ ከሆነ በድምፆቹ ብዛት አትማረኩ፣ ቁልፉን ተጫኑት። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ለእኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ክብደቱ ይበልጣል። ቁልፉ ከበድ ማለት አለበት፣ ቀስ ሲሉት ለስላሳ፣ ጠንከር ሲሉት ደማቅ ድምፅ መስጠት አለበት። በቀላል ኪቦርድ የተለማመደ ጣት እውነተኛ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ድምፁን መቆጣጠር ያቅተዋል። ወንበሩ ክርናችሁ ከቁልፎቹ ጋር እኩል የሚሆንበት ቁመት ላይ ይሁን።

ማሟሟቂያ

በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ ሦስት ሰዓት ይሻላል።

ስኬል (ድምፆችን በቅደም ተከተል ወደ ላይና ወደ ታች መጫወት) ሲባል ሁሉም በዶ ሜጀር ይጀምራል፣ ነጭ ቁልፍ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ለእጅ የሚመቸው ግን ሲ ሜጀር ነው፤ ከዶ በስተግራ ካለው ነጭ ቁልፍ ተነስቶ አምስቱንም ጥቁሮች የሚነካው ማለቴ ነው። ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ ያርፋሉ፣ አውራ ጣት ነጩ ላይ ይቀራል፣ እጅ ሳይጨናነቅ ይዘረጋል። የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲው ሾፓንም ተማሪዎቹን የሚያስጀምረው በዚህ ስኬል ነበር።

ጣት ቢደክም ምንም አይደል። አንጓ ወይም ክንድ ላይ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከመጣ ግን ወዲያው አቁሙ፣ እየቻላችሁት አትቀጥሉ። ካልለቀቃችሁ ሐኪም ይየው።

የድሮውን ሙዚቃ መመለስ

ዋናው ፈተና እዚህ ነው። ፒያኖው ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ድሮ የምትወዱትን ትጀምራላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ባሮች (ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተለያዩት ክፍሎች) በራሳቸው ይፈስሳሉ። ከዚያ ቀጥ። እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳላችሁ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ። ይህ የሚሆነው እጅ የሚያስታውሰው እንቅስቃሴን በቅደም ተከተል ስለሆነ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ አንዱ ከጠፋ ቀሪው ሁሉ ይጠፋል። በቃል የተሸመደደ ግጥም ከመሃል ጀምር ሲባል እንደሚጠፋው ማለት ነው። እና ከመጀመሪያው በተነሳችሁ ቁጥር የምትለማመዱት መግቢያውንና መቆሙን ብቻ ነው!

ስለዚህ እጃችሁን አትመኑ። ኖታውን ክፈቱና እንደ አዲስ ሙዚቃ ተማሩት። በእርሳስ በየአራት ባሩ ከፋፍላችሁ ቁጥር ስጡት፣ ከዚያ ከመጨረሻው ክፍል ጀምሩ። እሱ ሲያዝ ከእሱ በፊት ያለውን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ። እንዲህ ስታደርጉ ሁልጊዜ የምትጓዙት ወደምታውቁት ቦታ ነው፣ መጨረሻው እየቀረበ ሲመጣ መፍራት ይቀራል።

ግራ እጅን ብቻውን ተጫወቱ። ቀኙን ጆሮ የሚያውቀው ዜማ ይመራዋል፣ ግራው ግን እንዲህ ያለ መሪ ስለሌለው ቀድሞ የሚረሳው እሱ ነው። ሙዚቃው የሚቆምበትን ቦታ ስትመረምሩ አብዛኛውን ጊዜ ግራ እጅ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሰው የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፤ ኖታው ላይ የተጻፉት የድሮ የጣት ቁጥሮች ለልጅ እጅ የተጻፉ ናቸው። ያኔ እጃችሁ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ስለማይደርስ አስተማሪያችሁ ጣት እያስቀያየረ ያሻገራችሁ ቦታ አሁን በአንድ ዝርጋታ ይያዛል። አጥፉና ለዛሬው እጃችሁ የሚሆን ጻፉ። መጀመሪያ ላይ አሮጌው ልማድ ይታገላችኋል፣ ግን ያዋጣል።

ፍጥነቱን ምት በሚቆጥረው መሣሪያ፣ በሜትሮኖም ያዙት። ልኩ ቀጣዩን ኖታ ከመጫናችሁ በፊት በአፋችሁ ልትጠሩት የምትችሉበት ፍጥነት ነው፣ የቱንም ያህል ቀርፋፋ ቢሆን። ሳትሳሳቱ ሲሄድ ትንሽ ጨምሩ። መያዙን ለማወቅ ዝም ብላችሁ አንድ ቁጥር ጥሩ፣ "ስድስት" በሉና ከስድስተኛው ክፍል ጀምሩ። ከማንኛውም ክፍል መነሳት ከቻላችሁ ሙዚቃው ተመልሷል።

ማንበብ

በየቀኑ አንድ አዲስና በጣም ቀላል ነገር አንብቡ፣ ድሮ ትጫወቱት ከነበረው በብዙ ዝቅ ያለ። ብትሳሳቱም ሳትቆሙ እስከ መጨረሻው ሂዱ፣ ዓይናችሁ ከእጃችሁ አንድ ባር ቀድሞ ይሂድ። ቀለም ያለው መብራት ከላይ እየወረደ ቁልፍ የሚያሳይባቸው አፖች ደስ ይላሉ፣ ኖታ ማንበብን ግን አያስተምሩም።

በሳምንት አንዴ በስልክ ራሳችሁን ቅዱና በማግስቱ ስሙት፤ እየተጫወቱ የማይሰማው የምት መዛነፍ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አስተማሪ ከፈለጋችሁ አዋቂዎችን ያስተማረ ምረጡ። በመጀመሪያው ቀን መጫወት የምትፈልጉትን ሙዚቃ ንገሩት፣ በእርሳስ የከፋፈላችሁትን ኖታም ይዛችሁ ሂዱ።