ለኮድም ለጌምም የሚሆን ክብደቱ ቀላል ላፕቶፕ እንዴት ይመረጣል?

ሱቅ ገብታችሁ «ላፕቶፕ ፈልጌ ነበር» ስትሉ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ኮር አይ ሰቨን አለ» የሚል ነው። አይ ሰቨን የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስም ነው፤ ብቻውን ግን ምንም አይነግራችሁም። በ2015 የወጣውም አይ ሰቨን ነው፤ ከ2022ቱ አይ ፋይቭ ጋር ብታወዳድሩት ግን አጠገቡም አይደርስ። ስለዚህ ስሙን ተዉት። የኔ ደንብ አንድ ነው፦ ብራችሁን በኋላ መቀየር በማይቻለው ነገር ላይ አውጡ፣ ሊቀየር ስለሚችለው ብዙ አትጨነቁ።

1. የምትሠሩትንና የምትጫወቱትን በስም ጻፉ

«ፕሮግራሚንግ» ብቻ አይበቃም። በቪኤስ ኮድ (ኮድ መጻፊያ ኤዲተር ነው) እና በብሮውዘር ዌብሳይት የሚሠራ ሰው በመካከለኛ ማሽን ይኖራል። የአንድሮይድ አፕ መሥሪያውን አንድሮይድ ስቱዲዮን ከኢሙሌተሩ (ኮምፒውተሩ ላይ ስልክ አስመስሎ ከሚያስኬደው) ጋር የሚከፍት ወይም ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያሠራውን ዶከርን የሚያስኬድ ሰው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። የአይፎን አፕ መሥራት የፈለገ ምርጫ የለውም፣ ማክ ይገዛል።

ጌሙንም እንዲሁ። ቫሎራንት የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው፣ ማክና ሊኑክስ ላይ የለም። ካውንተር ስትራይክ 2 ማክ ላይ አይሠራም። ማይንክራፍት እና ዶታ 2 በሦስቱም ላይ አሉ። ማክቡክ ገዝቶ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቫሎራንት ልጫወት የሚል ሰው ቀድሞ ይህን ቢያውቅ ይሻለዋል።

2. ራም፦ እዚህ ላይ አትሰስቱ

ራም ማሽኑ የከፈታችሁትን ሁሉ ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ነው፤ መነሻችሁ 16 ጊጋ ይሁን። 8 ጊጋ ላይ ክሮም፣ ኤዲተር እና ኢሙሌተር አንድ ላይ ሲከፈቱ ራሙ ይሞላና ማሽኑ ፋይል የሚቀመጥበትን ኤስኤስዲ እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ክሊክ መልስ እስኪሰጥ መጠበቅ ነው።

ቀላልና ቀጭን ላፕቶፕ ላይ ችግሩ የሚብሰው ብዙዎቹ ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ነው። በኋላ ልጨምር ብትሉ አይሆንም። ሻጩን «ራሙ ይጨመራል ወይስ የተበየደ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማክቡክ ኤር ላይ አይጨመርም። አፕል የኤርን መነሻ ወደ 16 ጊጋ ያሳደገው በ2024 ነው፤ ከዚያ በፊት መነሻው 8 ስለነበር ያገለገለ ኤም1 ወይም ኤም2 (የአፕል ፕሮሰሰሮች ናቸው) ኤር ስትገዙ ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ።

ለጌም ደግሞ አንድ ነገር አለ። የተለየ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ለብቻው የሚሠራ ክፍል) የሌለው ላፕቶፕ ለምስሉም የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነው። ስለዚህ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም ከአንድ ባለ 16 ይሻላል፣ ምክንያቱም ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ፍጥነቱ ይጨምራል። ኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ ግራፊክስ ያለው ማሽን አንድ ራም ብቻ ሲሰካበት የግራፊክሱ ስም ራሱ ደካማ ወደሆነው ዩኤችዲ ዝቅ ይላል።

3. ፕሮሰሰር፦ ቁጥሩን አንብቡ

ኢንቴል ላይ ከአይ5 ወይም ከአይ7 ቀጥሎ ያለው ቁጥር መነሻው ትውልዱን ይናገራል። 8250 ስምንተኛ፣ 1240 አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ደግሞ ጠባዩ ነው፦ ዩ ቆጣቢ፣ ፒ መካከለኛ፣ ኤች ጉልበተኛ ግን የሚሞቅና ባትሪ የሚበላ። ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን ጨርሶ አትግዙ። ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 2025 ላይ አብቅቷል።

የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ ተንኮል አለበት። በራይዘን 7000 ላይ የሚታየው ሦስተኛው አሃዝ ነው። ዜን የፕሮሰሰሩ ዲዛይን ትውልድ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል አዲስ ነው። 7840ዩ ዜን 4 ነው፣ 7730ዩ ግን ዜን 3፣ 7520ዩ ደግሞ ዜን 2። ሦስቱም ሱቅ ውስጥ «ሰባት ሺው ራይዘን» ተብለው ይሸጣሉ።

4. ግራፊክስ

ለጊዜ ማሳለፊያ ጌም የተለየ ካርድ አያስፈልግም። ራዲዮን 680ኤም ወይም 780ኤም (ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ውስጥ አብሮ የሚመጣ ግራፊክስ) ያለበት ማሽን ጂቲኤ 5ን፣ ካውንተር ስትራይክንና ዶታን ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ ያጫውታል። ካርድ የጨመረ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፣ ቻርጀሩም ለብቻው ጡብ ያክላል። ማክቡክ ኤር ፋን ስለሌለው ድምፁ አይሰማም፣ ረጅም ሰዓት ሲጫወቱበት ግን ሙቀቱን ለመቀነስ ራሱን ያዘገያል።

5. ክብደት፣ ባትሪ፣ ቻርጀር

ታክሲ ለታክሲ ይዛችሁት ለምትዞሩ 1.4 ኪሎና ከዚያ በታች ጥሩ ነው። 14 ኢንች ስክሪን ይበቃል፣ የወርዱና የቁመቱ ምጣኔ 16 ለ 10 ከሆነማ ቁመቱ ለኮድ ይመቻል። በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚያደርግ ምረጡ፤ መብራት ሲጠፋ ኃይሉ በቂ የሆነ ፓወር ባንክ ሊያድናችሁ ይችላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የባትሪ ሰዓት አትመኑት፣ ብዙውን ጊዜ ቪዲዮ እያጫወቱ የለኩት ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ካመጣላችሁ ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ካለ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ኪቦርዱ ላይ የዓረብኛ ፊደል ሊኖር ይችላል፣ ሥራ አያበላሽም።

6. ያገለገለ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ጥሩ ያገለገለ የሌኖቮ ቲንክፓድ ወይም የዴል ላቲቲውድ ከርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ፈትሹ። ዊንዶውስ በኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን አወዳድሩ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ ራሙንና ስንት የራም መሰኪያ እንደተያዘ እዩ። ሁሉንም ቁልፍ ተጫኑ፣ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ፈልጉ፣ ሃያ ደቂቃ ከባድ ነገር አስኪዱበትና ሲሞቅ ይጠፋ እንደሆነ ጠብቁ። ሻጩ ቢቸኩል አትቸኩሉ።

በመጨረሻ የምታዩት ማሽኑ የተቆለፈ እንዳይሆን ነው። ማክቡክ ከሆነ እናንተ ፊት ውስጡ ያለው ሁሉ ተሰርዞ እንደ አዲስ ይጀመር፣ ኢንተርኔትም ይገናኝ፤ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ከጠየቀ ወይም የድርጅት ቁጥጥር ያለበት መሆኑን ካሳየ አትውሰዱት። ዊንዶውስ ከሆነ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈት የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡ። ፓስወርድ ጠይቆ ሻጩ «ኋላ እንከፍትላችኋለን» ካላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።