ወንዙ ውስጥ አሳ አለ ወይስ የለም? የኢ-ዲኤንኤ ናሙና ሲያስቸግር

አሳ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ልጋጉን፣ ኩሱን፣ የቆዳውን ፍርፋሪ ሳያቋርጥ ይተዋል። በእነዚህ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ በማጣሪያ ይዞ ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ መለየት ይቻላል። ኢ-ዲኤንኤ የምንለው ይህንን ነው። መረብ ሳይጣል፣ አንድም አሳ ሳይሞት ወንዙ ውስጥ ማን እንዳለ ይታወቃል።

ለአዲስ አበባ ዙሪያ ወንዞች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። ከእንጦጦ ጀርባ የሱሉልታው ውሃ ደግሞ በሙገር አድርጎ ወደ አባይ ይሄዳል። ሁለት ተፋሰስ፣ የተለያየ አሳ፣ ብዙ ቆሻሻ። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ዘዴው በቀላሉ ያሳስታል። አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው ደግሞ ላብ ከመድረሱ በፊት ወንዙ ዳር ነው።

ማጣሪያው ሩብ ሊትር ሳያሳልፍ ይደፈናል

ክረምት ላይ የሚጠበቅ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ጎርፉ አፈሩን ጠራርጎ ሲወርድ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሆነ ማጣሪያ ይህን አይችልም። ሲሪንጁን በጉልበት ብትጫኑት ማጣሪያው ይቀደዳል።

ብዙ ሰው ውሃውን በባልዲ አስቀምጦ ጭቃው እስኪዘቅጥ ይጠብቃል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዲኤንኤ ከአፈር ቅንጣት ጋር ይጣበቃል። ጭቃው ሲዘቅጥ የምትፈልጉትም አብሮ ባልዲው ሥር ይቀራል። ይልቅ ቀዳዳው ሰፋ ያለ፣ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን የሆነ ማጣሪያ ያዙ። የሚያመልጥ ዲኤንኤ ይኖራል፤ ግን ብዙ ውሃ ስለሚያልፍ ይካካሳል። አንዱ ሲደፈን ሌላ ቀይሩና ሁለቱንም በአንድ ናሙና ስም አስቀምጡ። ያለፈውን የውሃ መጠን እዚያው ጻፉ። በጋ ላይ 2 ሊትር ያለፈበት ናሙናና ክረምት ላይ 300 ሚሊ ሊትር ያለፈበት በአንድ ዓይን አይታዩም። ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውጡ።

ላቡ «አሳ የለም» ይላል፣ ልጆቹ ግን እያጠመዱ ነው

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። «አሳ የለም» የሚል ወረቀት አንዴ ከወጣ ወንዙ እንደሞተ ይቆጠራል። የሞተ ወንዝ ላይ ቆሻሻ መድፋት ደግሞ ማንንም አያሳፍርም። ዜሮ ከመጻፉ በፊት በደንብ መመርመር አለበት።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፒሲአር፣ ማለትም ላቡ ዲኤንኤን እንዲታይ የሚያባዛበት ሥራ፣ መታፈን ነው። የበሰበሰ ቅጠል የሚለቀው አሲድ፣ የቆዳ ማልፊያ ታኒን፣ ጭቃ፣ እነዚህ ሁሉ ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም ያዳክሙታል። የአሳው ዲኤንኤ አለ፤ ማሽኑ ግን አያየውም። ይህን ለማወቅ ላቡ በየናሙናው ውስጥ ምንነቱ የታወቀ ሌላ ዲኤንኤ ይጨምራል። ያ የታወቀው ራሱ ካልታየ፣ ወይም ዘግይቶ ከታየ፣ ችግሩ መታፈን ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፤ የወጣውን ዲኤንኤ በ10 እጥፍ አቅጥኖ መድገም። ሲቀጥን የሚያፍነውም አብሮ ስለሚቀጥን ውጤቱ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ካልሆነ አፋኙን የሚያስወግድ ኪት አለ። ላባችሁ ይህን መቆጣጠሪያ እንደሚጠቀም ጠይቁ። ያለ እሱ የመጣ ዜሮን አትቀበሉ።

መቆጣጠሪያው ደህና ከሆነ ወደ ወንዙ ተመለሱ። ዲኤንኤ ውሃው ውስጥ እኩል አይበተንም። ከአንድ ዳር የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ስለ ወንዙ ብዙ አይናገርም። ከየቦታው ቢያንስ ሦስት ናሙና ውሰዱ፤ ከመሃል ፍሰቱም፣ ውሃው ከሚቆምበት ኩሬም። ስትቀዱ ፊታችሁን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙሩ፤ እግራችሁ ያደፈረሰው ውሃ ከኋላችሁ ይሂድ።

ሰፈርተኛውንም ጠይቁ። አቃቂ ዳር ከብት የሚያጠጣ ልጅ «አሳ የት ነው የምትይዙት?» ሲባል፣ «ከድልድዩ በላይ ነው ጋሼ፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር። እዚህማ ውሃው ይሸታል» ብሎ በዱላው ያሳያል። ቀጣዩ ናሙና ከዚያ ድንጋይ ሥር ነው የሚቀዳው።

እዚህ ሊኖር የማይችል አሳ ተገኘ

የአቃቂ ናሙና ናይል ፐርች አለበት ሊላችሁ ይችላል። ናይል ፐርች የጫሞ፣ የአባያ፣ የባሮ አሳ ነው። አዋሽ ተፋሰስ ውስጥ አይኖርም። ታዲያ ከየት መጣ?

ከወጥ ቤት። ከአርባ ምንጭ በበረዶ የመጣ አሳ ከተማ ውስጥ ይበለታል፣ ይታጠባል። እጣቢው በቱቦ አድርጎ ወንዝ ይገባል። ለጾም አሳ የሚመገበው ሰው ሲበዛ እጣቢውም ይበዛል። ዲኤንኤው «ይህ አሳ ውሃውን ነክቷል» ይላል እንጂ «በሕይወት ዋኝቶበታል» አይልም።

የሚከብደው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። አዋሽ ውስጥ በተፈጥሮ ይኖራል፣ የከተማው ምግብ ቤት ሁሉ ደግሞ ይጠብሰዋል። ናይል ፐርች እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ እሱ በታየበት ናሙና ውስጥ የወጥ ቤት ውሃ አለ ማለት ነው። ስለዚህ በዚያው ናሙና የወጣውን ቆሮሶም ጠርጥሩ። ከፍሳሽ ቱቦው በላይና በታች ለየብቻ ቅዱ። ከቱቦው በታች ብቻ ከታየ እጣቢ ነው። ከበላይም ካለ፣ ከጾም ውጭ ተመልሳችሁ ስትቀዱም ካለ፣ በመረብ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ሲረጋገጥም አሳው የግድ እዚያው ቆሟል ማለት አይደለም፤ በሚፈስ ውሃ ዲኤንኤ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል።

ናሙና የምትቀዱ ቀን እናንተም አሳ አትብሉ። እጃችሁና ልብሳችሁ ይበክላል።

ባዶው ናሙና ባዶ አልሆነም

በወጣችሁ ቁጥር ንጹህ ውሃ በአንድ ማጣሪያ አሳልፋችሁ እንደ ናሙና ትልኩታላችሁ። እዚያ ውስጥ አሳ ከተገኘ ብክለት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያገለገለ ሃይላንድ፣ ከወንዝ ወንዝ የዞረ ባልዲ ወይም ያልታጠበ ቦቲ ነው።

በረኪና ይበቃል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ዕቃው ለ10 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። በረኪና ሲቆይና ፀሐይ ሲመታው ይደክማል፤ አዲስ ግዙ። ከአልኮልም ሆነ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፣ መርዛማ ነገር ይወጣዋል። ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ የቀረ በረኪና የናሙናውን ዲኤንኤ ይበላዋል። ማለቅለቂያው የቧንቧ ውሃ አይሁን። የአዲስ አበባ ቧንቧ በከፊል ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣ ስለሆነ የአሳ ዲኤንኤ ሊኖርበት ይችላል። የተጣራ ውሃ ወይም ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ።

በባዶው ውስጥ የታየ አሳ በዚያ ቀን ናሙናዎች ውስጥም ተቀባይነት የለውም። ድገሙት።

ንባቡ የሰውና የከብት ሆነ

ንባብ የምንለው ማሽኑ አንብቦ ያወጣቸውን የዲኤንኤ ቁራጮች ነው። ፕራይመር ደግሞ የትኛው ቁራጭ እንደሚባዛ የሚመርጥ አጭር ዲኤንኤ ነው። ማይፊሽ የተባሉት በ2015 እ.ኤ.አ. የታተሙ ፕራይመሮች 170 ገደማ ፊደል ያላት የአሳ ዲኤንኤ ቁራጭ ይይዛሉ፤ የሰውና የከብትንም አንዳንዴ ይይዛሉ። ፍሳሽ በበዛበት ውሃ ላይ የሰው ዲኤንኤ ንባቡን ያጥለቀልቀዋል። የሰውን የሚያግድ ፕራይመር ይጨመር፣ የንባቡም ብዛት ከፍ ይበል። የንባብ ብዛት የአሳ ብዛት እንዳልሆነም አስታውሱ።

ውጤቱ ዝርያውን አይለይም

አሳዎቹ ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት፣ ጋራ የሚባሉት ትንንሾቹ፣ ወይም ላቢዮባርበስ የሚባሉት ከሆኑ ይህ ያጋጥማል። የታወቁ ዝርያዎች ዲኤንኤ በተመዘገበበት ማወዳደሪያ ቋት ውስጥ የእኛ አሳዎች ብዙ አልገቡም። አንዳንዶቹ ላቢዮባርበሶች ደግሞ፣ የጣናዎቹ ዋና ምሳሌ ናቸው፣ በዚህች አጭር ቁራጭ ፈጽሞ አይለዩም። እስከ ወገኑ ድረስ ብቻ ጻፉ፣ አትገምቱ። ዘላቂው ሥራ ቋቱን መሙላት ነው፤ ከተያዘ አሳ ትንሽ የክንፍ ቁራጭ በአልኮል አስቀምጡ፣ አሳውን ፎቶ አንሱ፣ በባለሙያ አስለዩ። ሰበታ ያለው የአሳ ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አስቀድማችሁ ጀምሩ።

ናሙናው ተበላሸ፣ ወይም ማን እንደሆነ ጠፋ

የፋርማሲ አልኮል 70 በመቶ ነው። እርጥብ ማጣሪያ ሲገባበት የበለጠ ይቀጥናል፣ ዲኤንኤውም ይፈርሳል። 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢታኖል ፈልጉ። መብራት ስለሚጠፋ ፍሪዘር ላይ ብቻ አትመኩ። አልኮል የማርከር ጽሑፍ ያጥባል፤ በእርሳስ በወረቀት ጽፋችሁ ቱቦው ውስጥ ክተቱ።

ቀኑንና ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተቀዳ ናሙና ውጭ አገር ላብ ሲደርስ የሌሊት ይሆናል፤ የ2017ቱም የስምንት ዓመት አሮጌ ይመስላል። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የምትለዋን አትዝለሏት።