የዳታቤዝ ትሪገር እንዴት ይሠራል? በቡሬ የእህል መጋዘን እንየው

ቡሬ ላይ የእህል መጋዘን አላችሁ እንበል። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ስንዴ ይገባል፣ ይወጣል። ሒሳቡ የተያዘው ማይኤስኪውኤል (MySQL) በሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። «ክምችት» የሚለው ቴብል (ሠንጠረዥ) ያለውን ኩንታል ይይዛል፣ «ሽያጭ» ደግሞ የተሸጠውን። ሽያጩን የመዘገበው ልጅ ክምችቱን መቀነስ ከረሳ ጉድ ፈላ፦ ኮምፒውተሩ ሌላ፣ መጋዘኑ ሌላ ይናገራሉ።

ትሪገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቴብሉ ላይ ለውጥ ሲደረግ ዳታቤዙ በራሱ የሚያስኬደው ኮድ ነው።

መጀመሪያ በምን እንደሚነሳ ወስኑ፦ በኢንሰርት (አዲስ ረድፍ ሲገባ)፣ በአፕዴት (ያለው ሲቀየር) ወይስ በዲሊት (ሲሰረዝ)? ቀጥሎ መቼ? ለማጣራት ከሆነ ቢፎር (ከለውጡ በፊት)፣ ሌላ ቴብል ለመቀየር ከሆነ አፍተር (ከለውጡ በኋላ)።

ከዚያ ኮዱን ጻፉ። «ኒው» አዲሱን ረድፍ፣ «ኦልድ» የቀድሞውን ያመለክታል። የቢፎር ኢንሰርቱ ትሪገር ሊሸጥ የታሰበውን ከክምችቱ ጋር ያስተያያል። ካለው በላይ ከሆነ በሲግናል ትእዛዝ ስሕተት ያስነሳል፤ ሽያጩም አይመዘገብም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚሸጥ ከሆነ ክምችቱን ስታነቡ ፎር አፕዴት የሚለውን ጨምሩበት፤ አንዱ እስኪጨርስ ረድፉን ይቆልፋል፤ ያለዚያ ሁለቱም ያንኑ በቆሎ ሊሸጡት ይችላሉ። የአፍተር ኢንሰርቱ ደግሞ ክምችቱን ይቀንሳል።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ግን ሥራው ገና ነው። 100 ኩንታል ነበረ፣ 20 ተሸጠ ተብሎ ተመዘገበ፣ ክምችቱ 80 ሆነ። በኋላ ገዢው የወሰደው 12 ብቻ መሆኑ ታወቀና ሽያጩ ተስተካከለ። የኢንሰርት ትሪገር በአፕዴት አይነሳም፤ ስለዚህ ክምችቱ 80 ላይ ቀረ። የአፕዴት ትሪገር ያስፈልጋል፦ ኦልድን መልሶ ይደምራል፣ ኒውን ይቀንሳል። 80 ሲደመር 20፣ ሲቀነስ 12፣ 88። ማጣሪያውም እዚህ ይደገም። ሽያጩ ከተሰረዘ ደግሞ የዲሊት ትሪገሩ ኩንታሉን ይመልሳል።

በሙከራ ዳታቤዝ ሁሉንም ፈትሹ፦ ሽጡ፣ ከልክ በላይ ሽጡ፣ አስተካክሉ፣ ሰርዙ። ትሪገሩ ከከሸፈ በኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል የተለመደው የማከማቻ ዓይነት) ቴብል ላይ ትእዛዙ ያደረገው ለውጥ በሙሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ለኔ ትሪገር አጭር ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ከአፕሊኬሽኑ ኮድ ውስጥ ስለማይታይ፣ አዲስ የመጣ ባለሙያ ቁጥሩን ማን እንደቀየረው ፍለጋ ሲዳክር ይውላል። ሾው ትሪገርስ የሚለው ትእዛዝ ያሉትን ይዘረዝርለታል። ቴብሉን በአንዴ ባዶ በሚያደርገው የትራንኬት ትእዛዝ የሚያጸዳ ካለም አስጠንቅቁት፤ ያን ጊዜ የዲሊት ትሪገር አይነሳም።