ሮቶው ውስጥ ስንት ውሃ ቀረ? ካልማን ፊልተርን በጓሯችን እንሥራ

የምኖረው ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፣ ሲሄድ አራት ቤተሰብ ከዚያው ሮቶ ይቀዳል። አከራያችን እማማ ማታ ማታ ወጥተው የሮቶውን ጎን በጣታቸው አንጓ ከላይ ወደ ታች ኳ ኳ ያደርጉታል። ድምፁ ከሳሳ ባዶ ነው፣ ከደነደነ ውሃ አለ። «ልጄ፣ እስከ ነገ ጠዋት ያደርሰናል» ይላሉ። ብዙ ጊዜ አይሳሳቱም።

ልብ ብዬ ሳያቸው፣ ማንኳኳት ብቻ አይደለም ሥራቸው። ማን ልብስ እንዳጠበ ያውቃሉ። ውሃው ትናንት የት እንደነበረ ያስታውሳሉ። ገና ከቤት ሳይወጡ ግምት ይዘዋል። የሰሙት ድምፅ ከግምታቸው ትንሽ ከራቀ፣ ግምታቸውን ትንሽ ያርማሉ። በጣም ከራቀ ደግመው ያንኳኳሉ።

ካልማን ፊልተር ይኸው ነው፤ ስሙ ፊልተር ቢሆንም ውሃ ማጣሪያ አይደለም፣ ግምትንና ልኬትን አዋህዶ የተሻለ ግምት የሚያወጣ የሂሳብ ዘዴ ነው። የሚቀረው ሂሳቡ ነው።

ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ቡዳፔስት ከተወለደው ኢንጂነር ሩዶልፍ ካልማን ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1960 አሳተመ። ብዙም ሳይቆይ በናሳ የኤምስ ምርምር ማዕከል የነበረው ስታንሊ ሽሚት ለአፖሎ ጉዞ አቅጣጫ ማወቂያ እንዲሆን አመቻቸው። ጨረቃ ለመድረስ የረዳ ሂሳብ ለሮቶ መዋሉ ትንሽ ያስቃል። ግን ለሮቶም ይሠራል።

ዕቃው

አንድ አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ አንድ የአልትራሳውንድ ርቀት መለኪያ ሴንሰር፣ አንድ ባትሪ ያለው የሰዓት ሞጁል፣ ትንሽ ስክሪን። የሰዓቱን ነገር አትናቁት፤ ምክንያቱን መብራት ሲጠፋ ታዩታላችሁ።

ሴንሰሩን የሮቶው ክዳን ላይ ፊቱን ወደ ውሃው አድርጋችሁ እሰሩት። ከመሃል አድርጉት፤ ወደ ዳር ከተጠጋ ድምፁ ከግድግዳው እየተመለሰ ያታልላችኋል። የእኔ ሴንሰር ከሮቶው ወለል በ120 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ የውሃው ከፍታ 120 ሲቀነስ ሴንሰሩ የለካው ርቀት ይሆናል። ውሃ የማይገባውን ዓይነት ሴንሰር ከገዛችሁ፣ ከ20 ሳንቲሜትር ገደማ በታች የቀረበውን ነገር በደንብ አያይም። ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አንድ ወዳጄ «አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ የድምፅ ፍጥነት ይለያል» ብሎ ሲከራከረኝ ነበር። አይለይም። የሚለየው በሙቀት ነው። በ20 ዲግሪ ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል፣ በ10 ዲግሪ ወደ 337። የእኛ ሰፈር ሌሊት እንደምታውቁት ነው። ሮቶው ጎድሎ ርቀቱ 1 ሜትር ሲሆን፣ ይህች ልዩነት ወደ 2 ሳንቲሜትር ታሳስታለች። ካልማን ፊልተር ይህን አያስተካክልም። እሱ የሚያረጋጋው አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚዋልለውን ስህተት ነው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋደለውን እውነት ነው ብሎ ይቀበለዋል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ጨምሩና ፍጥነቱን አስተካክሉ።

ሴንሰሩ ስንት ይዋሻል?

ሌሊት ሁሉም ሲተኛ፣ ቧንቧ ሁሉ ሲዘጋ፣ 100 ጊዜ ለኩ። አማካዩን አውጡ። እያንዳንዱ ንባብ ከአማካዩ ስንት እንደራቀ በራሱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ለ100 አካፍሉ። ይህ ቫሪያንስ ይባላል። እኔ ጥርጣሬ እለዋለሁ። የእኔ ሴንሰር በ2 ሳንቲሜትር ገደማ ይዋልላል፣ ስለዚህ ጥርጣሬው 2 በ2 ሲባዛ፣ 4 ነው።

በአንድ ቁጥር እንሞክረው

ከፍታው 80 ነው ብላችሁ ገምታችኋል እንበል፤ የግምታችሁ ጥርጣሬ 4 ነው። አንድ የባሰ ሴንሰር ደግሞ 86 አለ፤ የእሱ ጥርጣሬ 12 ነው። ማንን ታምናላችሁ? ሁለቱንም፣ እንደየድርሻቸው።

የእርማት ድርሻ = 4 ÷ (4 + 12) = 0.25

ልዩነቱ 6 ነው። ሩቡን ብቻ ተቀበሉ፦ 80 + 0.25 × 6 = 81.5። አዲሱ ጥርጣሬ 0.75 × 4 = 3 ሆነ። መጥፎ ሴንሰርም ቢሆን ጥርጣሬን ቀነሰ እንጂ አልጨመረም።

ማትሪክሱ የሚገባበት ቦታ

እማማን የሚያሳስባቸው ከፍታው አይደለም። «መቼ ያልቃል?» ነው ጥያቄው። ለዚያ የሚወርድበት ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ፍጥነትን የሚለካ ሴንሰር ግን የለንም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ያለፉትን 10 ንባቦች አማካይ መውሰድ ነበር። ቧንቧ ተከፍቶ ሲቀር አማካዩ ወደኋላ እየተጎተተ «ገና ነው» ይለኛል። አንድ ማታ ተማምኜበት ሮቶው ደርቆ አደረ። ጠዋት የግቢውን ፊት ማየት አልቻልኩም።

አሁን ሁለት ነገር አብረን እንያዝ፦ ከፍታ 80 ሳንቲሜትር፣ ፍጥነት በደቂቃ −0.5 (እየወረደ ነው)። ጥርጣሬውም አንድ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ 2 በ2 ማትሪክስ (በረድፍና በአምድ የተደረደሩ ቁጥሮች) ይሆናል፦

[ 4  0 ]
[ 0  1 ]

ላይ በግራ የከፍታው ጥርጣሬ ነው። ታች በቀኝ የፍጥነቱ። የቀሩት ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ናቸው፤ ከፍታና ፍጥነት ምን ያህል እንደተሳሰሩ ይናገራሉ። ለጊዜው 0 ናቸው።

በየደቂቃው መጀመሪያ ትንበያ። አዲስ ከፍታ = 80 − 0.5 = 79.5። ፍጥነቱ ባለበት ይቆያል። ጥርጣሬው ግን ያድጋል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ድንገት ቧንቧ ሊከፍት ይችላል። ለዚያ በየደቂቃው ለከፍታው 1፣ ለፍጥነቱ 0.5 እጨምራለሁ። ኮድ ውስጥ ሦስት መስመር ናት፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

ከፍታ = ከፍታ + 2 × ትስስር + ፍጥነት + 1 → 4 + 0 + 1 + 1 = 6
ትስስር = ትስስር + ፍጥነት → 0 + 1 = 1
ፍጥነት = ፍጥነት + 0.5 → 1 + 0.5 = 1.5

(እዚህ ሦስቱም ስሞች ጥርጣሬዎቹን ነው የሚወክሉት።) ማትሪክሱ አሁን እንዲህ ነው፦

[ 6  1 ]
[ 1  1.5 ]

እዚህ ቆም በሉ። ያቺ 0 የነበረች ማዕዘን 1 ሆናለች። ምን ማለት ነው? ከፍታው ካሰብኩት ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ካሰብኩት በላይ እየፈጠነ ወርዷል ማለት ነው። እማማ ይህንን ሳይማሩ ያውቁታል። ድምፁ ከጠበቁት ዝቅ ብሎ ከሳሳ ወዲያው ዞረው «ማነው ቧንቧ የከፈተ?» ይላሉ። ያልለኩትን ፍጥነት ከለኩት ከፍታ አገኙት። ማትሪክስ የምንጠቀመው ለዚህች ማዕዘን ስንል ነው። እሷን ዜሮ ካደረጋችኋት ፍጥነቱ በጭራሽ አይታረምም።

አሁን እርማት። ሴንሰሩ 77.5 አለ። ከትንበያው ያለው ልዩነት −2 ነው። ጠቅላላ ጥርጣሬ 6 + 4 = 10።

የከፍታ ድርሻ = 6 ÷ 10 = 0.6 → ከፍታ = 79.5 − 1.2 = 78.3
የፍጥነት ድርሻ = 1 ÷ 10 = 0.1 → ፍጥነት = −0.5 − 0.2 = −0.7

ጥርጣሬዎቹም ይቀንሳሉ፦ 0.4 × 6 = 2.4፣ 0.4 × 1 = 0.4፣ 1.5 − 0.1 × 1 = 1.4።

78.3 ለ0.7 ሲካፈል 112 ደቂቃ ገደማ። በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ያልቃል። የእማማ ጥያቄ ተመለሰ።

ልብ በሉ፣ የትም ቦታ ማትሪክስ አልገለበጥንም (ማትሪክስ መገልበጥ፣ በቁጥር 1ን ለዚያ ቁጥር እንደማካፈል ያለ ነው)። ሴንሰሩ አንድ ስለሆነ ማካፈል ብቻ በቃን። ሴንሰሮች ሲበዙ መጻሕፍት ግልብጥ ማትሪክስ ያሳዩአችኋል። ኮድ ውስጥ ግን አትገልብጡ፤ ማትሪክሱን ለመፍታት ወደሚቀሉ ሁለት ክፍሎች በሚሰብረው በቾሌስኪ ዘዴ እኩልታውን ፍቱት። ፈጣንም ነው፣ ስህተትም አያበዛም።

እብድ ንባብ ሲመጣ

አንዳንዴ ሴንሰሩ ከመሬት ተነስቶ 40 ይላል። ጤዛ ይሆናል፣ ሸረሪት ይሆናል። እንደ እማማ ደግማችሁ አንኳኩ። ልዩነቱን በራሱ አባዙ፣ ለጠቅላላ ጥርጣሬው አካፍሉ። ከ9 ከበለጠ ንባቡን ጣሉትና በትንበያው ብቻ ቀጥሉ። 79.5 ስንጠብቅ 40 ቢመጣ ውጤቱ 156 ነው። ሳያቅማሙ መጣል ነው።

ይህችው ቁጥር ሌላም ጥቅም አላት። ለአንድ ቀን መዝግባችሁ አማካይዋን እዩ። ወደ 1 ከቀረበች ጥሩ ነው። ከ1 በጣም ከበለጠች ፊልተሩ ከመጠን በላይ በራሱ ተማምኗል፤ ያን በየደቂቃው የምንጨምረውን 1 እና 0.5 ከፍ አድርጉ። በጣም ካነሰች ቀንሱ። እኔ 1 እና 0.5ን ያገኘሁት በሙከራ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ተመልሶ አርዱዊኖው ሲነሳ፣ የሰዓት ሞጁሉ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ይነግራችኋል። የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች በቋሚ ማህደረ ትውስታው ላይ አስቀምጣችሁ ከነበረ፣ የትንበያውን ደረጃ ላለፈው ለእያንዳንዱ ደቂቃ ደጋግሙት። ጥርጣሬው በራሱ ያድጋል፣ የእብድ ንባብ ወሰኑም አብሮት ይሰፋል። የመጀመሪያው ንባብ ሲመጣ ፊልተሩ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ያምነዋል። ትክክልም ነው።

ግን ወጥመድ አለው። መብራቱ አንድ ሙሉ ቀን ከጠፋ ትንበያው 1440 ጊዜ ይደጋገማል። የከፍታው ጥርጣሬ ወደ 500 ሚሊዮን ይደርሳል። የእርማት ድርሻው 0.999999992 መሆን አለበት። ኡኖ ግን የሚይዘው ወደ 7 አሃዝ ብቻ ነው፣ ስለዚህ 1 ብሎ ያጠጋጋዋል። 1 ሲቀነስ 1 ዜሮ። አዲሱ ጥርጣሬ 4 መሆን ሲገባው 0 ሆነ! ፊልተሩ «ፍጹም አውቃለሁ» አለ።

መድኃኒቱ የጆሴፍ ቀመር ይባላል። ጥርጣሬውን በ(1 − ድርሻ) አንዴ በማባዛት ፋንታ ሁለቴ አባዙት፣ ከዚያ ድርሻ × ድርሻ × የሴንሰሩን ጥርጣሬ ደምሩ። የመጀመሪያው ክፍል ዜሮ ቢሆን እንኳ ሁለተኛው 4 ይሰጣችኋል። ለማትሪክሱም አካሄዱ ያው ነው፣ ማባዛቱ ብቻ ይረዝማል።

ሐቁን ለመናገር፣ እኔ ራሴ መብራቱ ከ6 ሰዓት በላይ ከጠፋ ሁሉንም ትቼ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። 500 ሚሊዮን ጥርጣሬ ማለት ከፍታውን በ220 ሜትር እጠራጠራለሁ ማለት ነው፤ ሮቶዬ ደግሞ 120 ሳንቲሜትር ነው።

በጄሪካን መፈተሽ

የሮቶዬ የውስጥ ዲያሜትር 105 ሳንቲሜትር ነው፣ ስለዚህ 1 ሳንቲሜትር ከፍታ 8.7 ሊትር ገደማ ይይዛል። ውሃ በማይመጣበት ሰዓት 5 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሙሉ። ሌላ ሰው እንዳይቀዳ ለግቢው አስቀድማችሁ ንገሩ። ስክሪኑ የሚያሳየው ከፍታ ወደ 11.5 ሳንቲሜትር መውረድ አለበት። ካልወረደ ፊልተሩን ከመነካካታችሁ በፊት ሜትሩን አንሱና ዲያሜትሩን ደግማችሁ ለኩ።