በድሮ የክርስትና ካርድ ላይ «ወ/ማርያም» ሲገጥም

ችግሩ «ወ/» ነው፦ ወልደ (የወንድ ስም) ወይስ ወለተ (የሴት ስም)? በዚህች ጭረት ብቻ ወንድ አያት ሴት ተብሎ የዘር ሐረግ ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው ከቀኖቹ ተገኘ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ካርዱ ልደት የካቲት 1፣ ጥምቀት መጋቢት 10 ይላል፤ የልደቱን ቀን ጨምሮ 40ኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ወልደ ማርያም። ሚያዝያ 20 ቢሆን ኖሮ 80ኛው፣ ወለተ ማርያም። ጳጉሜን መሐል ከገባች 5 ወይም 6 ቀኗን አትርሱ። የታመመ ሕፃን ግን ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቃል፤ ያኔ የክርስትና አባት ወይስ እናት እንደተጻፈ ማየት ነው።

«ገ/» ገብረ ነው፣ አያስቸግርም። «ተ/» ግን ክፉ ናት፦ «ተ/ሃይማኖት» ተክለ ነው፤ «ተ/ማርያም» ተክለም ተስፋም ሊሆን ስለሚችል ሌላ ሰነድ ሳይገኝ አይዘርዘር፣ እንዳለ ይቀመጥ።